የፕላትፎርም ቁጥር ከቀለም በፊት ይወሰናል፦ የባቡር ጣቢያ አቀማመጥና የቁጥር አሰጣጥ

የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በኒው ዴልሂ ባቡር ጣቢያ፣ ወደ ፕላትፎርም 14 እና 15 በሚያወርደው ደረጃ አካባቢ በተፈጠረ መገፋፋት 18 ሰዎች ሞቱ። ሐዲዱ አልተሰበረም፤ ባቡርም ከባቡር አልተጋጨም። ብዙዎቹ መንገደኞች ለሂንዱዎች የኩምብ ሜላ በዓል ወደ ፕራያግራጅ ከተማ የሚሄዱ ነበሩ። በዚያ ሰዓት ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ባቡሮች፣ ፕራያግራጅ ኤክስፕረስና ፕራያግራጅ ስፔሻል፣ በተለያዩ ፕላትፎርሞች ይጠበቁ ነበር። በድምፅ ማጉያው ስለ አንደኛው ሲነገር የሌላኛው ተሳፋሪ የእኔ ነው ብሎ ተነሣ። በአንድ ደረጃ የሚወርድና የሚወጣ ሕዝብ ፊት ለፊት ተገናኘ።

ይህ ለሰሜን ሸዋ ሰው የሩቅ አገር ወሬ መሆን የለበትም። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረውና 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሀራ ገበያ የባቡር መስመር በሸዋ ሮቢት በኩል የዞኑን ቆላ አቋርጦ ያልፋል። አዋሽ ላይም ከአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ጋር ይገናኛል። መስመሩ መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎት በሚጀምርበት ጊዜ ከይፋትና ከአካባቢው ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ቢያንስ ሦስት ዓይነት ጣቢያ ይገጥመዋል፦ ትንሽ የመንገድ ላይ ጣቢያ፣ መገንጠያ ጣቢያና ትልቅ የከተማ ጣቢያ። በሦስቱም ላይ ቁጥር የሚሠራው ሥራ የተለያየ ነው። ልዩነቱ ሳይታሰብበት ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ ማረም ውድ ነው፤ ከመከፈቱ በፊት ግን በወረቀት ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ለምን ነገር እንደሚሰጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ፕላትፎርም ማለት ተሳፋሪው ቆሞ የሚጠብቅበት ከፍ ያለ መደብ ነው። አንድ መደብ ግን አንድ ጠርዝ ወይም ሁለት ጠርዝ ሊኖረው ይችላል። በሐዲዱ ዳር ብቻ የተሠራ ከሆነ ባቡር የሚቆመው በአንድ ጎኑ ነው። በሁለት ሐዲዶች መካከል ከተሠራ ግን በግራም በቀኝም ባቡር ይቆምበታል። በእንግሊዝ ትላልቅ ጣቢያዎች ቁጥሩ የሚሰጠው ለጠርዙ ነው፤ አንድ የመሀል መደብ ሁለት ቁጥር ይይዛል። በጀርመን የሚቆጠረው ሐዲዱ ነው፤ ስለዚህ ባቡር ሳይቆም የሚያልፍበት፣ መደብ የሌለው ሐዲድም ቁጥር ሊኖረው ይችላል፤ ተሳፋሪው 3ን አይቶ ቀጥሎ 5ን ያገኛል። በኒው ዮርክ ፔን ስቴሽን 11 መደቦችና 21 ሐዲዶች አሉ፤ ሕዝቡ የሚያውቀው የሐዲዱን ቁጥር ነው።

ለእኛ የሚሻለው የጠርዝ ቁጥር ነው። ተሳፋሪው ማወቅ ያለበት የት ቆሞ በየት በኩል እንደሚሳፈር ብቻ ነው። የጭነት ባቡር የሚተላለፍበትና ፉርጎ የሚቆምበት ሐዲድ የራሱ ቁጥር ይኖረዋል፤ ያ ቁጥር ግን በተቆጣጣሪው ሰሌዳና በነጂው መመሪያ ላይ ይቅር። ሁለቱ ሥርዓቶች ተቀላቅለው በተሳፋሪ ሰሌዳ ላይ ከወጡ፣ ሠራተኛው በሬዲዮ «ሦስት ላይ አስገባው» ሲል የሐዲድ ሦስትን ማለቱ ነው፤ አጠገቡ ቆሞ የሰማው ሰው ግን ወደ ፕላትፎርም 3 ይሮጣል። መፍትሔው ሁለቱ የማይገናኙ ቁጥሮች እንዲይዙ ማድረግ ነው፤ ለምሳሌ የተሳፋሪ ጠርዝ ከ1 ጀምሮ፣ የሥራ ሐዲድ ከ51 ጀምሮ።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ 1 የቱ ጋ ይሁን የሚለው ነው። በብዙ አገር ልማድ 1 ቁጥር ከዋናው ሕንፃ አጠገብ ያለው ነው፤ ጣልያን ውስጥ ይህ በብዙ ጣቢያ ይታያል፤ ኒው ዴልሂም ከፓሃርጋንጅ በር በኩል 1 ብሎ ጀምሮ በአጅሜሪ ጌት በኩል 16 ላይ ያበቃል። ልማዱ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ሕግ ያስፈልገዋል፦ ቁጥሩ መጀመር ያለበት ጣቢያው ሊሰፋ ከማይችልበት ወገን ነው። በአንድ ወገን ሕንፃ ወይም ተረተር፣ በሌላው ወገን ሜዳ ካለ፣ 1 በተዘጋው ወገን ሆኖ ቁጥሩ ወደ ሜዳው ያድጋል። ይህ ሲዘነጋ የሚመጣው ችግር በለንደን ኪንግስ ክሮስ በግልጽ ታይቷል። ከፕላትፎርም 1 ጎን አዲስ ፕላትፎርም መሥራት ሲያስፈልግ ከአንድ በታች ቁጥር ስለሌለ እ.ኤ.አ. በ2010 «ፕላትፎርም 0» ተብሎ ተከፈተ። ሊድስም እ.ኤ.አ. በ2021 እንዲሁ አደረገ። ዜሮ መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ ከ1 እስከ መጨረሻው ያለውን ሁሉ በአንድ ደረጃ ከማዛወር ይሻላል። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው፣ በተለይ በድምፅ ብቻ ለሚሰማው፣ «ዜሮ» የቦታ ስም መሆኑ ወዲያው አይገባውም። አዲስ ጣቢያ የሚሠራ አገር ወደዚያ አጣብቂኝ የሚገባበት ምክንያት የለም።

አንድ ቁጥር በአንድ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ሁለት ጊዜ መገኘት የለበትም። ሙምባይ ውስጥ ዳዳር የሚባለውን ጣቢያ ሁለት የባቡር ድርጅቶች ይጋሩታል። ሁለቱም ከ1 ጀምረው ቆጥረው ስለነበር ፕላትፎርም 1 ሁለት፣ ፕላትፎርም 2 ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ 7 ድረስ ድርብ ነበር። ኅዳር 2016 ዓ.ም. ላይ የአንደኛው ድርጅት ቁጥር ከ1 እስከ 7 እንዳለ ተትቶ የሌላኛው ከ8 እስከ 14 ሆነ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የአንዱን ወገን ሳይነኩ የሌላውን ብቻ መለወጣቸው ነው፤ ግማሹ ሕዝብ ምንም አዲስ ነገር መማር አላስፈለገውም። ይህ ጉዳይ አዋሽን ይመለከታል። ሁለት መስመር፣ በሁለት የተለያዩ ተቋራጮች የተገነባ፣ በአንድ አካባቢ ሲገናኝ ሁለቱም ንድፎች «1» ይዘው ይመጣሉ። ማን ከየት እንደሚቆጥር ከወዲሁ ካልተስማሙ ከሸዋ ሮቢት የመጣ ሰው «ፕላትፎርም 2» ተብሎ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር ፊት ሊቆም ይችላል።

ትልቅ ጣቢያ ፎቅና ክንፍ ሲኖረው የቁጥሩ የመጀመሪያ አሃዝ ቦታውን ቢናገር ጥሩ ነው፤ የሆቴል ክፍል ቁጥር ፎቁን እንደሚናገረው ማለት ነው። ፍራንክፈርት ላይ መሬት ላይ ያሉት ከ1 እስከ 24 ሲሆኑ ከምድር በታች ያሉት ከ101 እስከ 104 ናቸው። ኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራልም የታችኛውን ፎቅ ከ100 በላይ ቆጥሮታል። «103» የሰማ ሰው ደረጃ መውረድ እንዳለበት ሰሌዳ ሳያይ ያውቃል። የፓሪሱ «ጋር ደ ሊዮን» ጣቢያ ደግሞ አንዱን አዳራሽ በፊደል፣ ሌላውን በቁጥር ለይቶታል። ይህ ለለመደው ሰው ምቹ ነው፤ የላቲን ፊደል ለማያነብ ግን ግማሹ ጣቢያ ይዘጋበታል።

ፊደል የሚለው ነገር በአማርኛ የራሱ ወጥመድ አለው። ረጅም ፕላትፎርም በክፍል ሲከፈል፣ ለምሳሌ ሁለት አጫጭር ባቡሮች ከፊትና ከኋላ እንዲቆሙበት፣ ውጭ አገር ፊደል ይጨምሩበታል፤ በርሚንግሃም ኒው ስትሪት ይህን ያደርጋል። እኛ ልማዳችን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለን መዘርዘር ነው። በጽሑፍ ችግር የለውም፤ በድምፅ ማጉያ ግን «3 ሀ» እና «3 ሐ» አንድ ናቸው፤ የ250 ሜትር ፕላትፎርም ሁለት ጫፎች በአንድ ድምፅ ተጠሩ ማለት ነው። ስለዚህ ወይ ሐን መዝለልና ሀ፣ ለ፣ መ ማለት፣ ወይም «3 ሰሜን» እና «3 ደቡብ» ብሎ በአቅጣጫ መጥራት ያስፈልጋል። የግዕዝ አኃዝም ለጌጥ ካልሆነ ለመለያ አይመከርም፤ ፮ እና ፯ ከሩቅ ይምታታሉ። 1፣ 2፣ 3 የሚባሉት አኃዞች ሌላም ጥቅም አላቸው። መስመሩ በአፋርኛ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ተናጋሪዎች መካከል ያልፋል፤ ሦስቱም የሚያነቡት አኃዝ አንድ ነው። ከጣቢያው ጽሑፍ ሁሉ ትርጉም የማያስፈልገው ይህ ብቻ ነው።

መደቡ የት እንደሚቀመጥ

የቁጥር ስሕተት ብዙ ጊዜ የአቀማመጥ ስሕተት ነው። ይህን ለማየት የፕላትፎርም ለውጥ ከየት እንደሚመጣ መረዳት ይበጃል። ባቡሮች ወደ ትልቅ ጣቢያ የሚገቡት በጥቂት ሐዲዶች ነው፤ ከዚያ የሐዲድ ማቀያየሪያዎች ወደየፕላትፎርሙ ይበትኗቸዋል። በምሥራቅ ጫፍ የገባ ባቡር በምዕራብ ጫፍ ላለ ፕላትፎርም ከተመደበ በመሀል ያሉትን መንገዶች ሁሉ አቋርጦ ያልፋል፤ እሱ እስኪያልፍ ሌላው ይቆማል። አንድ ባቡር 10 ደቂቃ ሲዘገይ ተቆጣጣሪው ያንን መቋረጥ ለማስቀረት ፕላትፎርም ይለውጣል። ለባቡሩ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ሂሳቡን የሚከፍለው ግን ሻንጣ ይዞ የቆመው ሕዝብ ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ሰው በሁለት አቅጣጫ የሚመላለስበት ደረጃ በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ 28 ሰው ገደማ ያሳልፋል ተብሎ ይሰላል። 3 ሜትር ስፋት ያለው ደረጃ በደቂቃ 84 ሰው ያሳልፋል። 800 ሰው በዚያ ደረጃ ወጥቶ ወደ ሌላ ፕላትፎርም ለመሻገር ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። የመጨረሻው ሰው ደግሞ 200 ሜትር ለመራመድ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይጨምራል። ጆንያና ሕፃን ሲታከልበት 15 ደቂቃ ማለት ማጋነን አይደለም። እንግዲህ መነሻው 5 ደቂቃ ሲቀረው የተነገረ የፕላትፎርም ለውጥ ሰውን ሩጥ ማለት ነው። ሕጉ አጭር መሆን አለበት፦ ከ15 ደቂቃ በታች ሲቀር ፕላትፎርም አይለወጥም፤ መለወጥ ግድ ከሆነ ባቡሩ ሕዝቡ ተሻግሮ እስኪያበቃ ይቆማል፤ ይህም በዚያው ማስታወቂያ ይነገራል። «ባቡሩ ይጠብቃችኋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም የብረት አጥር ይልቅ ሰውን ያረጋጋል።

ከሕጉ አንድ ነገር ብቻ ነፃ ይሆናል፤ በአንድ መደብ ከግራ ጠርዝ ወደ ቀኝ ጠርዝ የሚደረግ ለውጥ። ሰው 10 ሜትር ተራምዶ ዞር ይላል እንጂ ደረጃ አይነካም። የመሀል መደብ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ደረጃውም፣ አሳንሰሩም፣ ሽንት ቤቱም አንድ ሆኖ ለሁለት ባቡር ያገለግላል። ጥንዶቹ ቁጥሮች በአንድ መደብ ላይ መዋላቸውም ሰው ሳያስበው የሚማረው ነገር ነው፦ ከሕንፃው ጋር የተያያዘው ብቻውን 1 ሆኖ፣ የሚቀጥለው መደብ 2 እና 3፣ ከዚያ 4 እና 5። በየመደቡ መውጫ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን በትልቁ ይጻፋሉ፤ በየጠርዙ ግን የራሱ ቁጥር ብቻ ይታያል። በመደቡ መሀል ቆሞ ሁለቱንም ቁጥር በአንድ ሰሌዳ ላይ የሚያይ ሰው የትኛው ወደየት እንደሆነ ለመገመት ይገደዳልና ቀስት የሌለው ጥንድ ሰሌዳ እዚያ አይሰቀልም።

የመሀል መደብ ጉድለቱ በደረጃው ጎን ነው። 10 ሜትር ስፋትና 250 ሜትር ርዝመት ያለውን እንውሰድ። ከየጠርዙ 1 ሜትር ተሳፋሪ እንዳያልፈው ለሚሰመረው ቢጫ መስመር ሲቀነስ 2,000 ካሬ ሜትር ይቀራል፤ ለ1,600 ሰው ይበቃል። ነገር ግን ደረጃው 5 ሜትር ስፋት ይዞ መሀል ላይ ከተቀመጠ በግራና በቀኝ የሚቀረው 2.5 ሜትር ነው፤ ከዚያ ላይ ቢጫው መስመር 1 ሜትር ይወስዳል። ደረጃው 40 ሜትር ቢረዝም በአንድ ጎኑ የሚቆምበት 60 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። 300 ሰው እዚያ ቢቆም በካሬ ሜትር 5 ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ሰው በራሱ ፈቃድ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ሰው ደግሞ የሚቆመው እዚያው ነው፤ ከደረጃው ወርዶ ከመጀመሪያው ባዶ ቦታ አያልፍም። ጫፎቹ ባዶ ሆነው መሀሉ የሚታፈነው ለዚህ ነው።

ይህን የሚፈታው የፉርጎ ምልክት ነው። 10 ፉርጎ ያለው ባቡር 250 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያስኬዳል። በመደቡ ወለል ላይ በየ25 ሜትሩ «ፉርጎ 1»፣ «ፉርጎ 2» እያለ ቢጻፍ ትኬቱ ላይ ፉርጎ 9 ያለው ሰው ባቡሩ ሳይመጣ ወደ ጫፍ ይሄዳል፤ ሕዝቡ ራሱን ያሰራጫል። አንድ ጥንቃቄ አለ። መገንጠያ ጣቢያ ላይ ሎኮሞቲቩ ተፈትቶ በሌላኛው ጫፍ ሲቀጠል የፉርጎው ቅደም ተከተል ይገለበጣል፤ ፊት የነበረው 1 ኋላ ይሆናል። በቀለም የተጻፈ ምልክት ያን ጊዜ ይዋሻል። ባቡር በሁለቱም አቅጣጫ በሚያስተናግድ ጠርዝ ላይ ምልክቱ በሁለት ቀለም ይጻፍ፤ ሰሌዳውም የትኛው ቀለም እንደሚሠራ ይንገር።

ትንሹ ጣቢያ ከትልቁ ይከብዳል

ሐዲዱ ድርብ በሆነበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከሰበታ እስከ አዳማ፣ ፕላትፎርምና አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ይጣጣማሉ፤ ሰው «በዚህ በኩል መሄጃ፣ በዚያ በኩል መምጫ» ብሎ ይለምዳል። በነጠላ ሐዲድ ላይ ግን ጣቢያው ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉበት ነው። ቀድሞ የደረሰው ባቡር ዳር ይይዛል፤ የሚያልፈው በመሀሉ ይገባል። ዛሬ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደው በ1 ቢቆም ነገ በ2 ሊቆም ይችላል። ሁለት ፕላትፎርም ብቻ ያለው የገጠር ጣቢያ ላይ ሰሌዳ ጽፎ «1 ወደ አዋሽ፣ 2 ወደ ኮምቦልቻ» ማለት የሚያምር ስሕተት ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ቋሚ ቁጥር፣ ተለዋዋጭ አቅጣጫና ባቡሩ ሳይገባ የሚናገር ሰው ነው። ሰው ሐዲዱን በእግሩ እንዳያቋርጥም መሻገሪያው ከባቡሩ ማቆሚያ ኋላ ሳይሆን ፊት መሆን አለበት፤ ነጂው እያየው ይሻገር።

አንድ ፕላትፎርም ሁለት መስመር ሲያስተናግድ ደግሞ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ያሳያል። ከልደታ እስከ ስታዲየም ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ ሜክሲኮ ላይ በአንድ ጠርዝ የቆሙ ሰዎች አንዱ የአያትን፣ ሌላው የቃሊቲን ባቡር ይጠብቃሉ። እዚያ የሚያድነው በባቡሩ ግንባር ላይ የተጻፈው መድረሻና የመስመሩ ቀለም ነው።

ትኬቱ ራሱ የቁጥር ጫካ ነው፦ የባቡር ቁጥር፣ ፉርጎ፣ ወንበር፣ ሰዓት፣ ዋጋ። የእኛ ሰዓት ሲታከልበት ይብሳል፤ «2» የሚለው ጠዋት 2 ሰዓት ነው ወይስ ፉርጎ 2? በኮምፒዩተር የታተመው 8:00 በእኛ 2 ሰዓት ነው፤ 8 ሰዓት ብሎ ያነበበው ባቡሩ ከሄደ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይመጣል። ከየአንዳንዱ ቁጥር በፊት ቃሉ ይጻፍ፣ ሰዓቱም «ጠዋት 2:00» ተብሎ በአገሩ አቆጣጠር በትልቁ ይቀመጥ። የፕላትፎርም ቁጥር ግን አስቀድሞ በሚሸጥ ትኬት ላይ አይታተም፤ ሊለወጥ የሚችል ነገር በወረቀት ላይ ከወጣ ሰው ከድምፅ ማጉያው ይልቅ ወረቀቱን ያምናል። የባቡሩ ስምም በመድረሻ ብቻ አይጠራ። ኒው ዴልሂ ላይ የሆነው የሚያስተምረው ይህንን ነው፤ በአንድ ምሽት ሁለት የኮምቦልቻ ባቡር ካለ ሰዓቱና ቁጥሩ አብሮ ይነገር።

ማስታወቂያው ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይሁን፦ መድረሻ፣ ሰዓት፣ የባቡር ቁጥር፣ በመጨረሻ ፕላትፎርም፤ ፕላትፎርሙ ሁለት ጊዜ። ሰው ጆሮውን የሚያቀናው የራሱን አገር ስም ሲሰማ ነው፤ ቁጥሩ ከስሙ በፊት ከተነገረ አምልጦታል። የሰሌዳው አኃዝ ቁመትም በግምት አይወሰን፤ ከ30 ሜትር የሚነበብ አኃዝ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ማታም ከኋላው ብርሃን ይኑረው።

የላምበረትን መናኸሪያ የለመደ የደብረ ብርሃን መንገደኛ አውቶቡሱን የሚያገኘው በቁጥር አይደለም። ረዳቱ የከተማውን ስም እየደጋገመ ይጠራል፣ ተራ አስከባሪው በእጁ ያሳያል። ይህ ልማድ እንደ ኋላ ቀርነት መታየት የለበትም፤ ማንበብ ለማይችል፣ ለሽማግሌ፣ ዓይኑ ለደከመ ሰው የሚሠራ ሥርዓት ነው። ባቡር ጣቢያ ሰሌዳ ሲያቆም ጠሪውን ማጥፋት አይገባውም። በየደረጃው ሥር ልብሱ ከሩቅ የሚታይ አንድ ሠራተኛ ቆሞ መድረሻውንና ቁጥሩን ቢጠራ፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ በየመደቡ ሁለት ቢሆኑ፣ ከኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ በፊት የሚመጣ ወጪ ነው። መብራት ሲጠፋም ሠራተኛው ይሠራል።

ጣቢያ ከመከፈቱ በፊት የሚደረግ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ጣቢያውን አይተው የማያውቁ ሃያ ሰዎች፣ ግማሾቹ ከገጠር፣ ጥቂቶቹ ማንበብ የማይችሉ፣ ትኬት ተሰጥቷቸው ከበሩ ይገባሉ። ማንም አይመራቸውም። አንድ ሰው በወረቀት ላይ የጣቢያውን ካርታ ይዞ የቆሙበትን፣ ወደ ኋላ የተመለሱበትን፣ ሰው የጠየቁበትን ቦታ ነጥብ ያደርጋል። ነጥቦቹ ብዙ ጊዜ የሚከማቹት በሁለት ሦስት ቦታ ነው፦ ከበሩ እንደተገባ፣ ደረጃው ለሁለት ሲከፈል፣ መደቡ ላይ ሲወረድ። ሰሌዳው የሚተከለው እዚያ ነው፤ ከነጥቡ አምስት እርምጃ ያህል ቀድሞ፣ ሰው ሳይቆም እንዲያነበው። ከዚያ ሌሎች ሃያ ሰዎች ይገባሉ፤ ነጥቦቹ እስኪሳሱ ድረስም ፈተናው ይደገማል።